«አንተ ከፍለሃል ብዬ ነው»

ወር በገባ ቁጥር ከብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ባል ከሥራ ሲገባ ቤቱ ጨልሟል። ወደ ጎረቤት ቢመለከት የጎረቤት መብራት በርቷል። «ምነው፣ አልተከፈለም እንዴ?» ይላል። ሚስትም ከማድ ቤት ሆና «አንተ ከፍለሃል ብዬ ነው» ትላለች። «እኔ ደግሞ አንቺ ከፍለሻል ብዬ ነው» ይላል። ከዚህ በኋላ የሚከተለውን አንባቢያን ስለምታውቁት አንደግመውም።

ስለ ኑሮ ውድነት በየቀኑ ይነገራል፤ የሚነገረውም እውነት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ የፈለግነው ግን ገንዘብ ጠፍቶ ስለሚቀር ክፍያ ሳይሆን፣ ገንዘቡ በቤት እያለ ሳይከፈል ስለሚያልፈው ነው። ይህ ዓይነቱ ዕዳ ከድህነት አይመጣም። የሚመጣው ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንዱ የሌላውን ሥራ በግምት ስለሚያውቅ ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስላቸው ካሉ የሚከተለውን ይስሙ።

ባልና ሚስቱ በኮተቤ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን አንጽፈውም። ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሚስት በአንድ ጤና ጣቢያ በካርድ ክፍል ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። የሚስት እናትም እስከ ዕለተ ሞታቸው አብረዋቸው ይኖሩ ነበር።

ቀድሞ የዕድሩን ገንዘብ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይዞ የሚሄደው ባል ነበር። ደብተሩም የሚቀመጠው በኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ግን መሥሪያ ቤቱ በጅቡቲ መንገድ መደበውና እሑድን በቤቱ የማያሳልፍ ሆነ። ሲሄድ «የቤቱን ነገር አደራ» አለ። እሷም «እሺ፣ አታስብ» አለችው። እሱ የቤቱ ነገር ሲል ዕድሩንም ጨምሮ ማለቱ ነበር። እሷ የተረዳችው ግን ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ውሃውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ነው። የዕድሩን በዚያው ሰፈር በሚኖረው ወንድሙ በኩል የሚልክ መሰላት። ለምን እንደ መሰላት ብንጠይቃት «ሁልጊዜ የእሱ ሥራ ስለ ነበረ ነዋ» ስትል መለሰችልን።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ተከተሉ። የዕድሩ የወር መዋጮ 100 ብር ነው፤ አምስት ወር ማለት 500 ብር ነው። በየስብሰባው መጨረሻ ውዝፍ ያለባቸው አባላት ስም ይነበብ ነበር፤ ከዚያ ቤት ተገኝቶ የሚሰማ ግን አልነበረም። ባልና ሚስቱ በእነዚህ አምስት ወራት በስልክ በየቀኑ ይነጋገሩ እንደ ነበር ሁለቱም ይናገራሉ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናትየው ሕመም ሁሉ አውርተዋል፤ ስለ ዕድሩ ግን አንድም ቀን አላነሡም። እያንዳንዱ በሌላው እጅ ያለ ጉዳይ አድርጎ ይቆጥረው ነበርና የሚጠያየቁበት ምክንያት አልታያቸውም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እናትየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዐረፉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሲነጋጋ የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው መጡና ልጅቱን ወደ ዳር ወስደው አነጋገሯት። «ልጄ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን አንከለክልሽም። እናትሽ እናታችን ናቸው። ገንዘቡ ግን ደንብ አለው። ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል ውዝፉንና መቀጮውን ሳይከፍል አይሰጠውም። የሁላችንም ነውና እኔ ብቻዬን ልፈታው አልችልም» አሏት።

«ገንዘቡን ያን ሰዓት አላሰብኩትም። ያመመኝ በለቀስተኛው መካከል ስማችን መነሣቱ ነው» ትላለች። ባል ከሚሌ ተነሥቶ ለቀብሩ ደረሰ። በሠልስቱ ማግሥት፣ ሰው ሲቀንስ፣ ሁለቱ በድንኳኑ ጀርባ ቆመው ያንኑ ቃል ተለዋወጡ። «አንተ ከፍለሃል ብዬ ነው።» «አንቺ ከፍለሻል ብዬ ነው።» «የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ስለ 500 ብር ተጣላን» ስትል አንገቷን ደፋች። የዚያን ወር የሁለቱ ደመወዝ ተከፍሎ ነበር። ገንዘቡ በቤት ነበር።

እኛ እንደምናየው በዚህ ቤት ሰነፍም ሆነ አባካኝ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ «አደራ» የምትለው ቃል ላይ ነው። አደራ ትልቅ ቃል ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ምን ምን እንዳለ ካልተቆጠረ እያንዳንዱ የሚመስለውን ይዞ ይሄዳል። ሥራ የተከፋፈሉ የመሰላቸው ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ በልማድ እንጂ በቃል አልተከፋፈሉም። ልማዱ የሚጸናው ደግሞ ኑሮው ባለበት እስከ ቀጠለ ብቻ ነው። አንደኛው የሥራ ቦታ ሲለውጥ፣ ሲታመም፣ እሷ ስትወልድ፣ ቤት ሲቀየር አንድ ክፍያ በመካከል ይወድቃል።

ይህ ችግር በአሁኑ ጊዜ የባሰበት ሌላም ምክንያት አለ። ድሮ ዕዳ በወረቀት ይመጣ ነበር። ቆጣሪ አንባቢው በር ያንኳኳል፤ ቀጥሎ ቢሉ ይመጣል፤ ቢሉም በጠረጴዛ ላይ ወይም በመስተዋቱ ጠርዝ ተሰክቶ ይውላል። አባት ያየዋል፣ እናት ታየዋለች፣ ልጆችም ያነቡታል። ከዚያ አንዱ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ ሰልፍ ይቆማል። ሰልፉ አድካሚ መሆኑን ማንም አይክድም። በአዲስ አበባ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ «ለሁሉ» የተባሉት የክፍያ ማዕከላት መብራትን፣ ውሃንና ስልክን በአንድ ቦታ ሲቀበሉ ብዙ እናት ተገላግላለች። ኋላም ክፍያው ወደ ባንክ ዞረ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከወንበር ሳይነሡ መክፈል ተቻለ።

ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ቢሉ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ወደ አንድ ሰው ስልክ ገብቷል። መልእክቱ የሚደርሰው ቁጥሩ ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ደረሰኙም እዚያው ስልክ ውስጥ ይቀራል። ሌላው የቤቱ ሰው መከፈሉንም አለመከፈሉንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ መጠየቅ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ መጠርጠር ይመስላል። «ከፈልክ ወይ?» ስትል «አታምኚኝም እንዴ?» የሚል ባል አለ። እንዲህ የሚል ሚስትም አትጠፋም። በድሮው ቢል ጊዜ ይህ ጥያቄ አያስፈልግም ነበር፤ ወረቀቱ ይናገር ነበርና።

የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶች ሌላ ፈተና አለባቸው። በእነሱ ዘንድ ውዝፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሒሳቡ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል፣ አለቀ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚያልቀውም እንጀራ ሲጋገር ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተሰምቶ፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ጨለማ ሲሆን ማን ካርድ መሙላት እንደ ነበረበት የሚደረገው ክርክር ለጎረቤት ይሰማል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ፍጆታው በበዛ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ወር ያደርስ የነበረው ሙሌት ዛሬ 20 ቀን ቢያደርስ ሌባ አይፈለግም። ወደ ቆጣሪው ሄዶ ቁጥሩን የሚያይ አንድ ሰው መመደብ ይሻላል። እኛ የምናውቃት አንዲት እናት ይህን ሥራ ለአሥር ዓመት ልጇ ሰጥታዋለች። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩን አይቶ ለእናቱ ይነግራል፤ እሷ እንደምትለው ከአባቱ የበለጠ ይታመናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የወር አቆጣጠሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በእኛው ወር ይከፈላል። በአንዳንድ የግል ድርጅቶችና በውጭ ድርጅቶች ግን ደመወዙ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከ20 እስከ 25 ባለው ቀን ገደማ ይውላል። ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው የሚከፈላቸው ከሆነ በቤቱ ውስጥ ሁለት ወር አለ ማለት ነው። ኪራዩ ወር በገባ በ1 ቀን ይፈለጋል እንበል። በ22 የተከፈለው ደመወዝ እስከዚያ ዘጠኝ ቀን በእጅ ይቆያል። ዘጠኝ ቀን በእጅ የቆየ ገንዘብ ምን እንደሚሆን እያንዳንዳችን እናውቃለን። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ኪራዩን ደመወዝ በገባበት ዕለት አስቀድሞ መክፈል ነው። ለባለቤቱ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ቢደርሰው የሚከፋ አከራይ አልሰማንም።

ጳጉሜንም አለች። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴን ደመወዝ የተቀበለ ሰው የመስከረምን እስኪቀበል 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን ይጠብቃል። በዚህ መካከል የዘመን መለወጫ በግ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና መስቀል ተደርድረዋል። በመስከረም ወር ክፍያ የሚዘለልባቸው ቤቶች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለመስከረም ያላስቀመጠ ቤት መስከረምን በብድር ይሻገራል።

ወደ ኮተቤዎቹ ባልና ሚስት እንመለስ። ከዚያ ሐዘን በኋላ የወሰዱት እርምጃ የረቀቀ አይደለም። ከልጃቸው የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ቀደው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ለጠፉ። በቀኝ በኩል የክፍያው ስም ተጽፏል። ቀጥሎ የሚከፍለው ሰው ስም አለ፤ አንድ ስም ብቻ ነው እንጂ «እኛ» ተብሎ አይጻፍም። ከዚያ የሚከፈልበት ቀን ይመጣል። ይህም ቀን የመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከዚያ አምስት ቀን የሚቀድም ነው። በመጨረሻ «ያየ» የሚል ቦታ አለ። ከፋዩ ከፍያለሁ ስላለ ምልክት አይደረግም። ምልክቱን የሚያደርገው ሌላው ሰው ደረሰኙን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ባል መንገድ ላይ ከሆነ የደረሰኙ መልእክት በስልክ ይላክለትና «አይቻለሁ» ሲል እሷ በስሙ ምልክት ታደርግለታለች። እንደነገሩን ከሆነ በመጀመሪያ ያስቸገራቸው ይህ የማየቱ ነገር ነበር። እሱ «እንደ ተቆጣጣሪ አደረግሽኝ» ብሎ ነበር። እሷም «አንተም ተቆጣጠረኝ» አለችው።

በዚያው በር ላይ ሌላ ወረቀት አለ። የመብራቱ የደንበኛ ቁጥር፣ የውሃው ቁጥር፣ የአከራዩ የባንክ ሒሳብና ልጆቹ በትምህርት ቤት የተመዘገቡበት ቁጥር ተጽፎበታል። የምስጢር ቁጥር የለበትም፤ አያስፈልግምም። የደንበኛውን ቁጥር የያዘ ማንም ሰው ከራሱ ስልክ ሊከፍል ይችላል። ይህን ማወቅ ቀላል ቢመስልም ባሏ በድንገት የሞተባትን፣ ወይም ሚስቱ ሆስፒታል የተኛችበትን ሰው ጠይቁ። ሐዘኑ ሳያንስ የቤቱ ክፍያ ሁሉ በተዘጋ ስልክ ውስጥ የቀረባቸው ቤቶች አሉ።

ስለ ኪራይ ካነሣን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ብዙ ተከራይ ግን ዛሬም በእጅ ይሰጣል። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ምስክር የለውም፤ አከራይ አልተቀበልኩም ቢል፣ ወይም ባል ሰጥቻለሁ ብሎ ባይሰጥ፣ ሚስት ምን ትይዛለች? በባንክ የሄደ ኪራይ ለአከራዩም ለተከራዩም ለትዳሩም ዋስትና ነው።

ሕጉ ባልና ሚስትን በዕዳ ረገድ እንዴት እንደሚያያቸው ማወቁም አይከፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ የጋራ ንብረትን ሁለቱ በጋራ እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ደመወዝ በማንም ስም ቢወጣ የጋራ ነው። ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ዕዳም የሁለቱም ዕዳ ነው። እንግዲህ «እኔ አላወቅሁም» የሚለው ቃል በቤት ውስጥ ጠብ ያበርድ ይሆናል እንጂ ባለዕዳነትን አያስቀርም።

ገንዘቡ በእርግጥ ያልበቃ ጊዜስ? ይህ የብዙ አንባቢያን ጥያቄ እንደሚሆን እንገምታለን። ያን ጊዜ የትኛው ይቅደም የሚለውን ሁለቱ ተቀምጠው መወሰን አለባቸው እንጂ አንዱ በምስጢር ሊመርጥ አይገባም። በእኛ አስተያየት ኪራይና ዕድር ይቀድማሉ። ከቤት መውጣትና በሐዘን ቀን ብቻ መቅረት በሌላ ነገር አይተኩምና። አከራዩም ሆነ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ቀኑ ሳይደርስ ቢነገራቸው ብዙ ጊዜ ይሰማሉ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሄድ ሰው ግን ምክንያቱ ትክክል ቢሆንም ሰበበኛ ይመስላል። ዕቁብ ለብቻው ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ቢያቋርጥ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ያንን ገንዘብ ለመብራት ማዋል የወንድምን ወይም የጓደኛን ገንዘብ ማዋል ነው።

ስለ ዕቁብ ስናወራ ሚስት ከባሏ ደብቃ ስለምትጥለው ዕቁብ የሚጠይቁን አሉ። ባል ለአስቤዛ የሚሆን ብቻ ቆጥሮ ሰጥቶ የቀረውን ደመወዙን መጠን እንኳ በማይነግርበት ቤት ሚስት ጥቂት ብትሸሽግ እኛ ልንፈርድባት አንደፍርም። የልጆቿን ክፉ ቀን እያሰበች ነው። ነገር ግን የተደበቀ ቁጠባ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ የተደበቀ ዕዳም አለበት። ደመወዙን የሚደብቅ ባል ብድሩንም ይደብቃል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ መጀመሪያ ሁለቱ የሚያገኙትን አንዱ ለሌላው መናገር አለባቸው። ይህ በአንድ ማታ የሚያልቅ ንግግር እንዳልሆነ እናውቃለን። አንዳንዱ በሽማግሌ ፊት ካልሆነ አይናገርም።

የኮተቤው ባል ደመወዙን ደብቆ አያውቅም ነበር። ይህም ረድቷቸዋል። ውዝፉን፣ መቀጮውንም ጨምረው ከፈሉ፤ ዕድሩም ዘግይቶ ገንዘቡን ሰጣቸው፤ ለአርባው ዋለ። እሱ ዛሬም በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ቤታቸውን በጎበኘንበት ዓርብ ማታ እሷ ቡና እያፈላች፣ ልጅቱ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ያለውን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችልን። ኪራይ ተከፍሏል፤ ታይቷል። መብራት ተከፍሏል፤ ታይቷል። ከዕድር ትይዩ የተጻፈው የእናትየው ስም ነው፤ አባትየው በራሱ እጅ ጽፎታል። ምልክቱ ገና አልተደረገም። 100 ብሩ በደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ እሑድን ይጠብቃል።